የተራራው ውኃና የባሕሩ ፍጥረት

ፍጥረት ሁሉ ማደሪያ አለው። የጉሬዛ ማደሪያው ዛፍ ነው፤ የጭላዳ ማደሪያው ገደል ነው፤ የጉማሬ ማደሪያው ወንዝና ሐይቅ ነው፤ የዓሣ ነባሪም ማደሪያው ሰፊው ባሕር ነው። ሰው ቤቱ ቢቃጠልበት ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ሌላ ቤት ይሠሩለታል። ዓሣ ግን ውኃው ቢደርቅበት ወይም ቢመረዝበት ሌላ ውኃ የሚሠራለት ጎረቤት የለውም። ስለዚህ በውኃ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ሁሉ ከሰው ቸርነትና ከሰው ጥንቃቄ በታች ሆኖ ይኖራል።

በአርሲ ደጋ፥ በጢቾ ከተማ የሚኖር አንድ ተማሪ ይህን ባነበበ ጊዜ፥ «ባሕር ከዚህ እጅግ ሩቅ ነው፤ ዓሣ ነባሪንም ከቶ አይቼ አላውቅም፤ ያላየሁትን ፍጥረት እንዴት ልጐዳ እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው መልካም ነው። መልሱም ከሩቅ አይመጣም፤ እናቱ ውኃ ከምትቀዳበት ምንጭ ይጀምራል።

የምንጭ ሥርዓት

በደጋ አገር ምንጭ ያለው መንደር ብዙውን ጊዜ ያልተጻፈ ሥርዓት አለው። የመጠጥ ውኃ የሚቀዳው ከምንጩ ዐይን ነው፤ ከብት የሚጠጣው ከዚያ ዝቅ ብሎ ነው፤ ልብስ የሚታጠበው ግን ከሁሉ በታች ነው። ይህን ሥርዓት አፍርሶ በምንጩ ዐይን ላይ እግሩን የሚታጠብ ሰው ቢገኝ ሽማግሌዎች ይገሥጹታል። ስለ ምን ይገሥጹታል? ውኃ ወደ ታች ይወርዳልና፥ በላይ ያለው ሰው የሚያደርገው ነገር በታች ላለው ሰው ይደርስበታል። የላይኛው ሰው የታችኛውን ባያየውም ሊያስብለት ይገባል። መልካም ጉርብትና ማለት ይህ ነው።

ዳሩ ግን ከምንጩ በታች የሚኖረው ሰው ብቻ አይደለም። እንቍራሪትም አለ፤ ዓሣም አለ፤ ዓሣ የሚበላ ወፍም አለ፤ ጉማሬም አለ። እነዚህ ሁሉ በታች የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። አፍ ስለሌላቸው ግን ወደ ሽማግሌ ሄደው ሊከሱ አይችሉም። ስለዚህ የምንጩን ሥርዓት በሚገባ ያወቀ ሰው ውኃው እስከሚደርስበት ድረስ ማሰብ ይገባዋል።

ውኃው የሚሄድበት መንገድ

የአርሲ ተራሮች የታወቁ ናቸው። ጭላሎ ከአሰላ በላይ ቆሟል፤ ከእርሱ ቀጥሎ የጋላማ ሰንሰለትና የበዳ ተራራ አሉ፤ ወደ ደቡብ ደግሞ ካካ አለ። ጭላሎና በዳ፥ ካካም ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጥ ከፍ ይላሉ። በእነዚህ ተራሮች ላይ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ጧት ጭጋግ ይሸፍናቸዋል። በላያቸው አስታና ጓሳ ይበቅላል። ዝናብ በዘነበ ጊዜ ሣሩና ቍጥቋጦው ውኃውን ይይዘዋል፤ አፈሩም እንደ እርጥብ ጥጥ ጠጥቶ ያቆየዋል፤ በበጋም ጥቂት በጥቂት አድርጎ ለምንጮች ይሰጣል። ስለዚህ ዝናብ ካቆመ ከብዙ ወር በኋላ እንኳ የተራራው ወንዝ ሳይደርቅ ይገኛል።

ቤት ክዳን እንዳለው ተራራም ክዳን አለው ማለት ይቻላል። በቤት ክዳን ጫፍ ላይ የወደቀ ዝናብ እኩሌታው ወደ ፊት፥ እኩሌታው ወደ ኋላ ይወርዳል። በጋላማ ተራሮች ላይ የሚወርደውም ዝናብ እንዲሁ ለሁለት ይከፈላል። በምዕራብ በኩል የወደቀው ወደ ካታር ወንዝ ይገባል፤ ካታርም ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይፈስሳል። በምሥራቅ በኩል፥ ይኸውም በጢቾ በኩል፥ የወደቀው በአያሌ ጅረቶች ወርዶ ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል።

ዋቢ ሸበሌ አርሲንና ባሌን ከለየ በኋላ በኦጋዴን ቆላ አድርጎ ወደ ሶማሊያ ያልፋል። በመቋዲሾ አጠገብ ወደ ባሕሩ እጅግ ይቀርባል፤ ነገር ግን ወደ ባሕር ሳይገባ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፍና ከባሕሩ ዳርቻ ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። በብዙ ዓመታት በረግረግና በአሸዋ ውስጥ ይጠፋል። ዝናብ እጅግ በበዛበት ዓመት ግን ከጁባ ወንዝ ጋር ይገናኝና ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል። እንግዲህ ከጢቾ ደጋ የወረደ ውኃ በአንዳንድ ዓመት ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ወደሚዋኙበት ታላቅ ባሕር ይደርሳል ማለት ነው። ባሕሩ ሩቅ ቢሆንም መንገዱ ከዚሁ ይጀምራል።

በባሕር የሚኖሩ ታላላቅ ፍጥረታት

ዓሣ ነባሪ ስሙ ዓሣ ተብሎ ቢጠራም ዓሣ አይደለም። ዓሣ በስንጥቡ አማካይነት ከውኃ ውስጥ ይተነፍሳል፤ ዓሣ ነባሪ ግን እንደ ላምና እንደ ፍየል ሳንባ አለው። ስለዚህ አየር ለመሳብ ወደ ውኃው ላይ ይወጣል። እንቍላል አይጥልም፤ ግልገሉን ይወልዳል፤ ጡትም ያጠባል። ዶልፊንም የዚሁ ወገን ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ነው። ርዝመቱ እስከ 30 ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱም ከ100 ቶን ይበልጣል፤ ይህም ከ200 የእርሻ በሬዎች ክብደት የሚበልጥ ነው። በምድር ላይ ከሚኖሩት እንስሳት ሁሉ በግዝፈት የሚተካከለው የለም። ይሁን እንጂ የሚበላው ከሰው ጣት የማይበልጡ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታትን ነው።

ይህን የሚያህል ፍጥረት የሚፈራው ጠላት ሊኖር አይገባም ነበር፤ ሰው ግን ጠላት ሆነበት። ከስቡ ዘይት ይወጣ ነበርና፥ ዘይቱ ለመብራት፥ ለሳሙናና ለመኪና ማለስለሻ ይሆን ነበርና፥ ብዙ አዳኞች ወደ ባሕር ወጡ። በመጀመሪያ በትንንሽ ጀልባና በእጅ በሚወረወር ጦር ያድኑት ነበር። በኋላ ግን በእንፋሎት የሚሄድ መርከብና ከመድፍ የሚተኮስ ጦር ተሠራ። ከዚያ ወዲህ የሚያመልጥ ጥቂት ሆነ። በ20ኛው መቶ ዘመን ብቻ 3 ሚሊዮን ያህል ዓሣ ነባሪዎች ተገደሉ። ዓሣ ነባሪ በሁለት ወይም በሦስት ዓመት አንድ ግልገል ብቻ ይወልዳልና የሞተውን ቶሎ ሊተካ አልቻለም።

በመጨረሻም አዳኞቹ ራሳቸው የሚያድኑት ሲያጡ መንግሥታት ተሰብስበው መከሩ። በ1974 ዓ.ም. የዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ አደን ኮሚሽን ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም ወሰነ፤ ውሳኔውም ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ጥቂት አገሮች ውሳኔውን ባይቀበሉም አብዛኞቹ አከበሩት። ከዚያ በኋላ ሰው እጁን ስለ ሰበሰበ ብቻ በአያሌ ባሕሮች ጎባጣው የተባለው ዓሣ ነባሪ ቍጥሩ እንደ ገና በዛ። ሰው ጉዳቱን ሲተው ፍጥረት ራሱ ቤቱን መልሶ እንደሚያቀና ከዚህ ይታወቃል።

ነገር ግን በጦር መግደል ብቻ አይደለም ጉዳት። አሳ አጥማጅ ለሌላ ዓሣ የዘረጋው መረብ ዶልፊንን ይይዘዋል፤ ዶልፊንም ወደ ላይ ወጥቶ መተንፈስ ስለማይችል በመረቡ ውስጥ ይሞታል። የባሕር ኤሊ በውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን የላስቲክ ከረጢት ምግቧ የሆነው ለስላሳ የባሕር ፍጥረት መስሏት ትውጠዋለች፤ ሆዷም ይዘጋና ትሞታለች። መረቡን የዘረጋው ሰው ዶልፊንን አልጠላም፤ ከረጢቱን የጣለውም ሰው ኤሊን አላየም። ሆኖም ሁለቱም ሞቱ። ሳይታሰብ የሚደረግ ጉዳት ከታሰበው ጉዳት ያነሰ አይደለም፤ ይልቁንም ማንም ስለማይከለክለው ይበረታል።

የአብጃታ ሐይቅና ነጩ ወፍ

ይህ ነገር በባሕር ብቻ የሆነ አይደለም። ከአርሲ ተራሮች በምዕራብ በኩል በሚወርደው ውኃ ላይም ሆኗል።

ከላይ እንደ ተነገረው ካታር ወደ ዝዋይ ይፈስሳል። ዝዋይ ደምበልም ይባላል። ከዝዋይ ደግሞ ቡልቡላ የሚባል ወንዝ ይወጣና ወደ አብጃታ ሐይቅ ይገባል። እንግዲህ በጭላሎና በጋላማ ላይ የወደቀው ዝናብ እኩሌታው መንገዱን ተከትሎ እስከ አብጃታ ይወርዳል ማለት ነው። አብጃታ ግን መውጫ የለውም። የገባበት ውኃ በፀሐይ ሙቀት ተንኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል እንጂ በሌላ ወንዝ አይወጣም። ስለዚህ የሚገባው ውኃ ሲቀንስ ሐይቁም ወዲያው ይቀንሳል።

በአብጃታ አጠገብ፥ ከአንዲት ጠባብ ኮረብታማ ምድር ማዶ፥ የሻላ ሐይቅ አለ። ሻላ 266 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ በስምጥ ሸለቆ ካሉት የኢትዮጵያ ሐይቆች ሁሉ የጠለቀ እርሱ ነው። በሻላ ውስጥ ደሴቶች አሉ። ወደ ደሴቶቹ ቀበሮም ጅብም ሊደርሱ አይችሉምና፥ ፔሊካን የተባለው ታላቅ ነጭ ወፍ በብዙ ሺህ ሆኖ እየመጣ በዚያ እንቍላሉን ይጥል ነበር። ፔሊካን ከመንቍሩ በታች እንደ ከረጢት ያለ ቆዳ አለው፤ ዓሣውን የሚጨልፈው በዚሁ ነው።

ዳሩ ግን በሻላ ለዚህ ወፍ የሚበቃ ዓሣ አልነበረም። በአብጃታ ደግሞ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ሞልቶ ነበር፤ ነገር ግን ለጎጆ የሚሆን የተጠበቀ ደሴት አልነበረም። ስለዚህ ወፎቹ ቤታቸውን በሻላ፥ ገበያቸውን በአብጃታ አደረጉ። ጧት ፀሐይ ምድሩን እስኪያሞቀው ይጠብቃሉ፤ የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ክንፋቸውን ዘርግተው በእርሱ ላይ እየዞሩ ይነሣሉ፤ ኮረብታውን ተሻግረውም ወደ አብጃታ ይወርዳሉ። በዚያም በአንድነት ሆነው ዓሣውን ከብበው ወደ ጥልቀት የሌለው ውኃ እየነዱ ያጠምዳሉ። የያዙትን ውጠው ይመለሱና ከጕሮሯቸው እያወጡ ጫጩቶቻቸውን ይመግባሉ። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን የተባሉ ሁለት የአዕዋፍ ተመራማሪዎች ይህን ሁሉ ተመልክተው በ1961 ዓ.ም. ጥናታቸውን አሳትመዋል። የአብጃታና የሻላ ሐይቆችም በ1963 ዓ.ም. ገደማ ብሔራዊ ፓርክ ሆነው እንዲጠበቁ ተደረገ።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ነገር የሚያሳዝን ነው። በዝዋይ ዙሪያና በወንዞቹ ዳር እርሻ በዛ፤ አትክልትና አበባ ለማጠጣት ብዙ የውኃ መሳቢያ ሞተር ተተከለ። ወደ ቡልቡላ የሚወጣውም ውኃ አነሰ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ለጠርሙስና ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን ሶዳ ለማውጣት ከራሱ ከአብጃታ ውኃ ይሳብ ጀመር። በሐይቁ ዙሪያ የነበረው የግራር ዱር ለከሰል እየተቈረጠ ሳሳ። የዝናብ እጥረትም በላዩ ተጨመረ። በ1965 ዓ.ም. ገደማ የአብጃታ ስፋት ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ግን ከዚያ እኩሌታ በታች ሆነ።

ውኃው በማነሱ ብቻ ነገሩ አላበቃም። እናት ወጥ ስትሠራ ድስቱ በእሳት ላይ ብዙ ከቆየ ወጡ ይመጥጣል፤ ውኃው ባነሰ መጠን ጨዉ ይበረታል። የአብጃታም ነገር እንዲሁ ሆነ። ውኃው ተነነ፥ ጨዉና ሶዳው ግን ቀረ፤ ሐይቁም ዓሣ ሊኖርበት እስከማይችል ድረስ መረረ። ዓሣው ጠፋ። ዓሣው በጠፋ ጊዜ ፔሊካን የሚመገብበት ገበያ ተዘጋ። በሻላ ያለው ደሴት እንደ ዱሮው ከጅብና ከቀበሮ የተጠበቀ ነው፤ ዳሩ ግን ምግብ የሌለበት ቤት ለጫጩት ምን ይጠቅማል? ወፎቹ እንደ ቀድሞው በአብጃታ አያጠምዱም። በውኃው ውስጥ የሚበቅለውን ጥቃቅን ነገር የሚበላው ፍላሚንጎ ግን እስከ ዛሬ በዳርቻው ይታያል።

ተማሪ ይህን ነገር በሚገባ ያስተውል። ገበሬው ቦይ የቀደደው ፔሊካንን ላጥፋ ብሎ አይደለም፤ ልጆቹን ሊመግብ ነው። ሠራተኛውም ሞተሩን ያስነሣው ወፉን ጠልቶ አይደለም፤ የዕለት እንጀራውን ሊያገኝ ነው። እያንዳንዱ ከወንዙ ጥቂት ወሰደ፤ እያንዳንዱም «የእኔ ጥቂት ምን ይጐዳል?» አለ። ጥቂቱ ሁሉ ተደምሮ አንድ ሐይቅ ከግማሽ በላይ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለ፥ ጥቂት ጥፋትም ቢያብር ታላቅ ሐይቅ ያደርቃል።

የላይኛው ሰው ግዴታ

ከዚህ የተነሣ «እንግዲያው ሰው እርሻ አይረስ፥ ፋብሪካም አይሥራ» የሚል ቢኖር ተሳስቷል። ሰው መብላት አለበት፤ ለመሥራትም ውኃ ያስፈልገዋል። ነገር ግን በመውሰድና በመጨረስ መካከል ልዩነት አለ። ላም የሚያልብ ሰው ለጥጃው ያስቀራል፤ ማር የሚቈርጥ ሰውም ለንቦቹ ይተዋል። ከወንዝ የሚወስድም ለወንዙ ሊተውለት ይገባል።

በደጋ የሚኖር ሰው ሊያደርገው የሚገባው ብዙ ነው። አንደኛ፥ ዳገትን ሲያርስ ወደ ታች ሳይሆን አግድም ማረስ፥ በወንዝም ዳር ያለውን ሣር ሳያርስ መተው ይገባዋል፤ ይህን ካላደረገ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ሐይቅ ይጨምረዋል። ሁለተኛ፥ በምንጭ አጠገብ ውኃ አብዝቶ የሚጠጣውን ባሕር ዛፍ ሳይሆን እንደ ኮሶና እንደ ወይራ ያለውን የአገር ዛፍ ቢተክል ይሻላል። ሦስተኛ፥ የተባይ መድኃኒት የተረጨበትን ዕቃ በጅረት ውስጥ ማጠብ ከቶ አይገባም፤ ተባይን የሚገድል መድኃኒት ዓሣንም ይገድላልና። አራተኛ፥ ፌስታልና የላስቲክ ጠርሙስ በገደልና በቦይ መጣል አይገባም፤ ጎርፍ የሚወስደው ወደማይታይ ቦታ እንጂ ወደሌለ ቦታ አይደለም። አምስተኛ፥ በተራራው ላይ ያለውን አስታና ጓሳ ማቃጠል አይገባም፤ እርሱ የሁሉም የውኃ ጎተራ ነውና። ጭላሎና ጋላማ፥ ካካም በአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ እንዲጠበቁ የተደረገው ለደጋ አጋዘንና ለቀይ ቀበሮ ብቻ አይደለም፤ በታች ለሚኖሩት ሁሉ ነው።

በሐይቅ ዳር የሚኖር ሰውም የራሱ ግዴታ አለበት። ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ዐይኑ ሰፊ የሆነ መረብ ቢጠቀም ትንንሾቹ አምልጠው ያድጋሉ፤ ዐይኑ ጠባብ በሆነ መረብ ቢያጠምድ ግን የነገውን ዓሣ ዛሬ ይበላል። ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አውጥታለች። ዳሩ ግን ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ቢቀር ዓሣን አያድንም፤ ሕግ የሚጸናው በልብ ሲጻፍ ነው።

አበው፥ «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላሉ። ይህ ቃል ለሐይቅ የተነገረ ይመስላል። ዓሣ ነባሪ ከመጥፋቱ በፊት ሰው እጁን ስለ ሰበሰበለት ዛሬ በባሕር ይዋኛል። አብጃታም ጨርሶ አልደረቀም፤ ውኃው ቢመለስለት ዓሣው ሊመለስ ይችላል፤ ዓሣው ቢመለስ ነጩ ወፍ ኮረብታውን መሻገር አልረሳም ይሆናል።

እንግዲህ በጢቾ ያለው ተማሪ ለጥያቄው መልስ አግኝቷል። ባሕርን ባያይም በባሕር መንገድ ላይ ይኖራል። ፔሊካንን ባያውቅም የፔሊካን ጎረቤት ነው። ማለዳ ወደ ምንጭ ወርዶ እንስራ ሲሞላ ምንጩን ሳያደፈርስ ቢመለስ፥ በመንገድም ያገኘውን ፌስታል ከጅረቱ ቢያነሣ፥ ለማያያቸውና ለማያመሰግኑት ፍጥረታት መልካም አድርጓል። የሚያመሰግነው ሳይኖር መልካም የሚያደርግ ሰው እውነተኛ ጨዋ ነው።